ያወቀ አበዳሪ

የብድር ተቆጣጣሪው ናሁሰናይ ቡሬ ከተማ ውስጥ፣ በታሸገው የነጋዴው የይታገሱ መጋዘን ግድግዳ ሥር፣ ጭንቅላቱ ተፈንክቶ ሞቶ ተገኘ። አጠገቡ መሰላል ቆሟል።

ኢንስፔክተር ሰርካለም ጎንበስ ብላ የሟቹን ጫማ አየች። የሌሊቱ ዝናብ ያመጣው ጭቃ ተለጥፎበታል። ከጣሪያው ክፈፍ ሥር የቆመው መሰላል ግን ደረቅና ንጹሕ ነው።

«ማን አቆመው?»

«እኔ ነኝ፣ ልጄ» አሉ ዘበኛው ወልደ ዮሐንስ። «ቆርቆሮ ላስተካክል ትናንት ማምሻውን ከቤተ ክርስቲያን ተውሼ አቁሜው ሄድሁ።»

መሰላሉን አስጫነችና «ስለ መሰላሉ ለማንም እንዳይተነፍሱ» አለቻቸው።

መጋዘኑ ይታገሱ ናሁሰናይ ከሚሠራበት የገበሬዎች የቁጠባና ብድር ማኅበር ለተበደረው ገንዘብ መያዣ ነበር። የኮንትሮባንድ ነዳጅ ስለተገኘበት ዓቃቤ ሕግ ይወረስ ብሏል፤ ማኅበሩ ደግሞ «አናውቅም ነበርና መብታችን አይነካ» ብሎ ተከራክሯል። ናሁሰናይ በማግስቱ ሊመሰክር ነበር።

ነጋዴው ይታገሱ አልተሸሸገም። «ጥፋቴን አምኛለሁ። መንግሥት ወሰደው ማኅበሩ ወሰደው፣ ከእጄ ወጥቷል። እሱን ብገድል ምን አገኛለሁ?»

የማኅበሩ ሥራ አስኪያጅ አቶ ገብረ ሕይወት ፍኖተ ሰላም ከተማ ባለው ቢሯቸው ውስጥ ጠበቋት።

«ትናንት የት ነበሩ?»

«ከዚህ ንቅንቅ አላልሁም። አይ ናሁሰናይ! በዚያ ዝናብ መሰላል ላይ ምን አወጣው?»

በማግስቱ ሦስቱንም መጋዘኑ ግቢ ሰበሰበቻቸው።

«ናሁሰናይ መሰላል አልወጣም፤ ቢወጣ ጭቃው መሰላሉ ላይ ይቀር ነበር። ከመሰላሉ ሥር ያስተኛው ሌላ ሰው ነው። አቶ ገብረ ሕይወት፣ ከትናንት ወዲያ ማምሻ በፊት መሰላል እዚህ አልነበረም፤ ትናንት ጠዋት ደግሞ ከዘበኛው በቀር ማንም ሳያይ አስነስቼዋለሁ። ከፍኖተ ሰላም ካልወጡ እንዴት አወቁ?»

ሰርካለም ከሟቹ ባለቤት የተቀበለችውን የደብዳቤ ቅጂ አወጣች። «ናሁሰናይ ነዳጁን ማየቱን የካቲት ላይ ጽፎልዎታል። ተቀብለው ፈርመዋል። ማኅበሩ ያውቅ ነበር ማለት ነው፤ ያወቀ አበዳሪ ደግሞ መያዣውን ያጣል።»

«ለራሴ ብዬ መሰለሽ?» አሉ ገብረ ሕይወት። «የስድስት መቶ ገበሬ ጥሪት ነው! እዚሁ ጠርቼ አናውቅም በል ብዬ ለመንሁት። በሐሰት አልምልም አለ። ገፈተርሁት፤ ድንጋዩ ላይ ወደቀ።»

ፖሊሶቹ ይዘዋቸው ሲወጡ ወልደ ዮሐንስ ወደ ሰርካለም ቀረቡ።

«ልጄ፣ እኔም አባል ነኝ። የአሥራ አንድ ዓመት ቁጠባዬ እዚያ ነው። ወረቀቱ ፍርድ ቤት የግድ ይቅረብ?»

ዓይናቸውን ማየት ከበዳት። «አልደብቀውም፤ አቀርበዋለሁ፣ አባባ።»

ሽማግሌው ቆባቸውን አውልቀው መልሰው አደረጉት።

«እንግዲያ ማንኩሳ ከተማ ያሉትን አባላት እኔው ልንገራቸው» አሉ። «ከባዕድ አፍ አይስሙት።»

በዱላቸው ተደግፈው ወደ አስፋልቱ ወጡ።