በትኬት ጀርባ

ዘይኑልአቢዲን ጭራቅ አይወድም ነበር። የሚወደው ጭራቁ ከመምጣቱ በፊት ያለውን ጊዜ ነው።

«ካሳዩኝ በኋላ ምኑ ያስፈራል?» አለኝ በመጀመሪያው ቅዳሜ፣ ወደ ትኬት መሸጫዬ መስኮት አጎንብሶ። «ሰውየው የጎማ ጥፍር አጥልቆ ይንጎራደዳል። እኔ የፈራሁት በሩ ሲንኳኳ ነው።»

ደሴ ካለ አንድ ሲኒማ ቤት ትኬት ስሸጥ ሁለት ዓመቴ ነበር። ያንን አሮጌ ፊልም በመጋረጃ ቀዳዳ አሥር ጊዜ አይቼዋለሁ። «ጭራቁን አትንካብኝ» አልኩት። «የፊቱ ስፌት እየታየ፣ ምስኪን! እኔንስ ያስለቅሰኛል።»

«ጭራቅ የሚያስለቅሳት ሴት!» ብሎ ሳቀ። ሳቁ ሲያልቅ ዓይኑ እኔ ላይ ቀረ፤ ከኋላው የተሰለፈው ሰው እስኪያጉረመርም ድረስ።

የኮምቦልቻ መካኒክ ነው። የሥራ ይለፍ ስላለው በየቅዳሜው የሐረጎን ዳገት ወጥቶ የስምንት ሰዓቱን ፊልም ያያል። ፊልሙ ሲያልቅ ግፊያ ስለሚሆን ማውራት አይቻልም፤ ስለዚህ አስተያየቱን በትኬቱ ጀርባ ጽፎ በመስኮቱ ያቀብለኛል። «የሚበረው ፈረስ ሽቦው ይታያል፤ ቢሆንም አመንኩት።» «ደም መጣጩን እንዲህ መልከ መልካም ማድረግ ልክ አይደለም። ሳፊያ፣ አንቺ አዘንሽለት ብዬ ቀናሁ።» እኔ ደግሞ መልሴን በሚቀጥለው ሳምንት ትኬት ጀርባ ጽፌ እሸጥለታለሁ። ሃያ ሦስት ትኬት አጠራቅሜ ነበር። በአንዱም ላይ እወድሻለሁ አላለም፤ እኔም አላልኩም። በጭራቅ ስንከራከር ጊዜው ሄደ።

እናቴ ከሪማ ግን ቀድማ ነቅታብኛለች። «ሰይጣን ሲታይ ከሚዋልበት ቤት የተገኘ ባል ለእኔ እንዳይመጣብኝ!» አለች።

ይህ ሁሉ በ1970 ነው። ለተገደለ ልጁ ያለቀሰ ሰው ራሱ የሚጠየቅበት ዓመት።

አንድ ረቡዕ የቀበሌያችን አብዮት ጥበቃ አዛዥ ደምመላሽ መስኮቴ ላይ ቆመ። ትኬት አልጠየቀም።

«ያ የኮምቦልቻው ልጅ በየሳምንቱ የሚያቀብልሽ ወረቀት ምንድን ነው?»

ስለ አሮጌ ፊልም ነው ብል ማን ያምነኛል? ሰው በሚያልቅበት ዓመት ስለ ጎማ ጥፍር መጻጻፍ!

«እጮኛዬ ነው» አልኩ ሳላስበው። «የፍቅር ወረቀት ነው፣ ጓድ።»

«መልካም። ቅዳሜ እሱንም እጠይቀዋለሁ።»

በዚያው ቀን ትኬቶቹን ምድጃ ውስጥ ጨመርኳቸው። ከከተማ ለመውጣት የይለፍ ወረቀት ያስፈልጋል፤ የሚፈርመው ደግሞ ደምመላሽ ነው። መልእክት በአደራ የምሰጠው ሾፌር አልነበረኝም። ኮምቦልቻ እዚህ ታች ሆና ሳለ መድረስ አቃተኝ። አላህ እንዲያሳምመው ለመንኩ፤ ታሞ እንዲቀርልኝ።

ቅዳሜ ፀጉሩን ተስተካክሎ፣ አዲስ ሸሚዝ ለብሶ መጣ። ሁለት ጥበቃዎች ከመስኮቱ ግራና ቀኝ ቆመዋል። በዓይኔ ልነግረው ሞከርኩ። ዓይኔን አየ፣ ጠመንጃውን አየ፣ ፊቱ ተለወጠ።

«ይህችን ልጅ ታውቃታለህ?» አለው ደምመላሽ።

በዚያ ዓመት ለዚህ ጥያቄ ሁላችንም አንድ መልስ ነበረን። ወንድም ወንድሙን፣ ባል ሚስቱን የሚያተርፈው በዚያች መልስ ነው።

«አላውቃትም» አለ ዘይኑ። «ትኬት እገዛለሁ እንጂ ስሟንም አላውቅ።»

ከዚያ በላይ የወደደኝ ሰው የለም። ያጠፋችንም ያችው ቃል ናት።

ደምመላሽ ወደ እኔ ዞረ። «አንቺስ?»

ቃሌን ባጥፍ እኔ ዋሽቻለሁ፤ ባላጥፍ እሱ ዋሽቷል።

«እጮኛዬ ነው» አልኩ ደግሜ።

ሁለታችንንም ላንድሮቨር ኋላ ጫኑን።

«ለምን እንደዚያ አልሽ?» አለኝ በሹክሹክታ።

«አንተስ ለምን ካድከኝ?»

«ላተርፍሽ ነዋ።»

«እኔም ላተርፍህ ነው።»

«እኔ እኮ ዛሬ ልጠይቅሽ ነበር የመጣሁት» አለ። «አሁንስ ብጠይቅሽ?»

«ጠይቀኝ።»

«ታገቢኛለሽ?»

«ወላሂ አገባሃለሁ።»

«አብሽሪ በቃ» አለና እጄን ያዘኝ። የለቀቀኝ ሲያወርዱን ነው።

እኔ በሃያ ሁለተኛው ቀን ተፈታሁ። ዘይኑን ግን ሁለት ቀን ቀደም ብለው ከሌሎች ጋር ስሙን ጠርተው አወጡት። አልተመለሰም። መቃብሩን እስከ ዛሬ አላውቀውም።

ቤት ስገባ እናቴ አልጮኸችም፤ መጮህ ክልክል ነበር። የሆነውን ሁሉ ነገርኳት፤ መኪናው ላይ የተባባልነውንም አልደበቅኋት። ከዚያ ተነስታ ባለቀለሙን ሻሼን ከራሴ ላይ ፈታች።

«አራት ወር ከአሥር ቀን ኢዳሽን ተቀመጪ» አለችኝ። «ባሏ የሞተባት ሴት ከቤት አትወጣም።»

«እማዬ፣ ኒካህ እኮ አልታሰረልንም።»

«አውቃለሁ» አለች በሩን እየዘጋች። «ተቀመጪ።»