ያለ እሷ አልዘፍንም

«የት ነው ያለሽው? እሷስ የት ናት?» አባቷ ስልኩ ላይ ጮኸ።

«ማን?» አለች ሚጣ፣ አሳምራ እያወቀች።

«ፔርሙዜ ናታ! ቤቱን ገለባበጥኩት። ሙዚቀኞቹ እኮ ለልምምድ እየጠበቁኝ ነው!»

አባቷ አገር ያወቀው ዘፋኝ ነው። «እሷ» ደግሞ ክዳኗ የተሰነጠቀ፣ እጀታዋ በፕላስተር የተጠቀለለ ፔርሙዝ ናት፤ ገና ስሙን ማንም ሳያውቀው የገዛት። ከእሷ ሙቅ ውሃ ፉት ሳይል አይዘፍንም። ባለፈው ሳምንት በሬዲዮ «ያለ እሷ አልዘፍንም፤ ከጎኔ ከሌለች ድምፄ አይወጣም» ሲል፣ ሚጣና ጓደኞቿ በእረፍት ሰዓት አንድ ስልክ ከበው ይሰሙ ነበር። ጓደኛዋ በክርኗ ጎሸም አደረገቻት፤ «አንቺን እኮ ነው!» ሚጣም አመነች፤ ፊቷ በራ። ጋዜጠኛው «ማን ናት እሷ?» ሲለው ግን አባቷ ስለ ፔርሙዙ አስር ደቂቃ ሙሉ አወራ። ከዚያ ወዲህ ክፍል ውስጥ ስሟ «የፔርሙዟ እህት» ሆኖ ቀረ። ሚጣ አንጀቷ አረረ።

ዛሬ የወላጆች ቀን ነው፤ ተማሪው ስሙ ሲጠራ ከወላጁ ጋር ገብቶ ካርዱን ይቀበላል፤ ያለ ወላጅ አይሰጥም። አባቷ «እመጣለሁ» ሲል ይህ ሦስተኛው ነው። ሁለቱን ውሃ በልቷቸዋል፤ እናቷ ናት ከሥራ ሮጣ የደረሰችላት። ዛሬ ግን እናቷ ሆስፒታል ተረኛ ነርስ ናት። ሚጣ ጠዋት ፔርሙዟን ቦርሳዋ ውስጥ የከተተችው እልህ ይዟት ነው።

«ትምህርት ቤት ይዣት መጥቻለሁ» አለችው። «ከፈለግካት ና።»

«እዚያው ጠብቂኝ! አምስት ደቂቃ!»

ስልኩ ተዘጋ። ሁለቴ ተለምኖ ያልተገኘ ሰው፣ ለአሮጌ ቆርቆሮ አምስት ደቂቃ! ደሟ ፈላ። ፔርሙዟን ከሲሚንቶው ልታላትማት አነሳቻት፤ መልሳ አወረደቻት። ብትሰብራት እሱ መጥቶ የሚያዝነው ለስብርባሪው ነው። ይዛት ብትጠብቀውና መጥቶ ከጎኗ ቢቀመጥስ፣ ለማን ብሎ እንደመጣ በምን ታውቃለች?

ወደ ግቢው በር ሄደች።

«ጋሼ፣ አባዬ ሲመጣ ይህቺን ይስጡልኝ» አለቻቸው ዘበኛውን።

«ዘፋኙ? እሺ የኔ ልጅ። የት እንዳለሽ ልንገረው?»

«አይንገሩት። ስንተኛ ክፍል እንደሆንኩ ካወቀ ራሱ ያገኘኛል።»

ዘበኛው ሊስቁ ብለው ፊቷን ሲያዩ ተዉት።

ሚጣ ክፍሏ ደጃፍ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠች። በየወንበሩ እናትና ልጅ፣ አባትና ልጅ ተደርድረዋል። ቦርሳዋን ከጎኗ አኖረች። ከበሩ በኩል የመኪና ጥሩምባ ተሰማ፤ ዞራ አላየችም።

«ቦታው ሰው አለው ልጄ?» አሏት አንዲት እናት።

«ስሜ እስኪጠራ ድረስ አለው» አለች ሚጣ።