ተራራ የማይቆጠርበት ጨዋታ

በሳቅ ጀምሬ በእንባ ብጨርስ አትቀየሙኝ፤ ታሪኩ ራሱ የሄደበት መንገድ እንዲያ ነው። የጭነት መኪና ሹፌር የሆነ አባት፣ ልብስ የምትሰፋ እናት፣ አንዲት ሴት ልጅና አንድ ታናሽ ወንድሟ በአንዲት ጠባብ ቤት ተሳስበው ይኖሩ ነበር። ልጅቷን «መርማሪዋ» ይሏታል። የስፌት መኪናው መርፌ የታችኛውን ክር እንዴት አድርጎ እንደሚይዘው አያለሁ ብላ ጣቷን የተወጋች፣ ሬዲዮ ውስጥ የሚያወራው ሰውዬ ምሳውን መቼ እንደሚበላ የጠየቀች ጉደኛ ናት። እናትየው «መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ» እያለች ትታገሣታለች፤ መልስ ሲያልቅባት ግን «ሂጂ፣ አባትሽን ጠይቂ!» ብላ ትገላገላለች። ታናሽየው ደግሞ «ዱባ» ነው። ለምን ዱባ እንደተባለ ያየው ሰው ሁሉ ሳይነገረው ያውቀዋል።

ትምህርት ቤት በተዘጋ ቁጥር ሐይቅ ዳር ወደምትኖረው አክስታቸው ይሄዳሉ። መንገዱ ከጠዋት እስከ ማታ ያስኬዳል፤ ለልጅ ደግሞ ከዚያም ይረዝማል። ዱባ ገና ከሰፈር ሳይወጡ «ደረስን?» ይላል፣ ቀጥሎ ያስመልሰዋል፣ ቀጥሎ ይርበዋል። መርማሪዋ ለመስኮት ቦታ ትጣላዋለች። አሮጌዋ የቤት መኪናቸውም ዳገት ባየች ቁጥር ታጉረመርማለች። ይህን ሁሉ ጭቅጭቅ ወደ ፍንደቃ የለወጠው አባትየው ያመጣው ጨዋታ ነው። መንገዱ ላይ ያለውን ነገር ቀድሞ አይቶ የጠራ አንድ ለውዝ ይሸለማል። ዳኛዋ እናት ናት፤ የለውዙ ከረጢት ጭኗ ላይ ነው።

«ላም!» ትላለች መርማሪዋ።

«በግራ ነው በቀኝ?» ይላል አባት መሪውን እንደያዘ።

«በቀኝ!»

«ቆማለች ወይስ እየተሻገረች ነው?»

«ቆማለች፣ አባዬ!»

«ለመርማሪዋ አንድ!»

እንዲህ እየተባለ ያ ሁሉ ርቀት ሳይታወቅ ያልቃል። ሐይቁ ብቅ ሲል ልጆቹ «ምነው ትንሽ በራቀ!» ይሉ ነበር። መርማሪዋን ግን አንድ ነገር ይከነክናታል። «አባዬ፣ ተራራው ለምን አይቆጠርም? ከላሟ ይበልጣል እኮ!» ብትለው፣ «ተራራ መንገድ አይሻገርማ!» ብሎ ሳቀ። ሁሉም ሳቁ። እሷ ግን አልረካችም። ደመና አይቆጠርም፣ ወፍ አይቆጠርም፤ ጋሪ፣ ጉድጓድና እግረኛ ግን ይቆጠራሉ። ምን ዓይነት ሕግ ነው? አንድ ቀን እደርስበታለሁ አለች በልቧ። ምነው ሳትደርስበት በቀረች!

በአንዱ ዓመት ጉዞ ላይ፣ ፀሐይ ዘቅዝቃ ፊት ለፊት በምታንጸባርቅበት ሰዓት፣ መርማሪዋና ዱባ በአንድ አፍ «ጋሪ!» አሉ። እናት ለትንሹ አዘነችና ለውዙን ሰጠችው። ልጅቷ አኮረፈች። «ከእንግዲህ ምንም አላይም!» ብላ የእናቷን ሻርፕ ከራሷ ላይ ተከናነበች።

«ተዪ እንጂ፣ እናቴ! ያላንቺ ጨዋታው አያምርም» አለ አባት። ድምፁ ውስጥ ከቀልድ ይልቅ ልመና ነበረበት፤ ግን ያኮረፈ ልጅ ይህን በምን ይለየዋል? ዱባ ለውዙን በልቶ አንቀላፋ። እናት አንገቷን ደፍታ ለአኩራፊዋ ልጇ መታረቂያ ብርቱካን ትልጣለች።

«ከፊት ምን አለ፣ የኔ መርማሪ?» አለ አባት እንደገና።

በስስ ሻርፑ ውስጥ አየችው። ተበላሽቶ መሐል መንገድ የቆመ የጭነት መኪና... ሩቅ ነበር፣ ቀረበ፣ በጣም ቀረበ። ልጅቷ ግን «አልናገርም፤ አባዬ እንደሆነ ያየዋል» ብላ ጥርሷን ነከሰች። ከአፍ የወጣ አፋፍ ይላሉ። ከአፍ ያልወጣውስ ቃል የት ይደርሳል?

እናት እዚያው ሞተች... ብርቱካኑን ልጣ ሳትጨርስ! ዱባ እግሩ ተሰበረ። መርማሪዋ እጇን በፋሻ ታስራ ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ አባቷ ፊት ቆመች። «እኔ እንኳ አይቼዋለሁ! ከሩቅ ነው ያየሁት! አንተ ለምን አላየኸውም?» ብላ ጮኸች። አባት ጎንበስ አለ። ጉንጯን በመዳፉ ዳበሰና «እንቅልፍ ጣለኝ፣ ልጄ» አለ። ፍርድ ቤትም ቀርቦ ይህንኑ ተናገረ። ታሰረ። እናትየው ሐይቅ ዳር ተቀበረች፤ ልጆቹን አክስትየዋ አሳደገቻቸው። መርማሪዋም «እናታችንን በእንቅልፍ የለወጠ!» አለችና አባቷን ከልቧ አወጣችው። ከእስር ሲወጣ አልተቀበለችውም። የሳይንስ መምህር ሆና ደመወዝ ስትይዝ የአባቷን ደጅ አልረገጠችም። የተማሪዎቿን «ለምን?» ሁሉ ሳትሰለች ትመልሳለች፤ ስለ አባቷ ስትጠየቅ ግን ወሬ ትለውጣለች። ያ ሰው ግን በተከራያት አንዲት ክፍል ውስጥ ግድግዳ እየዳበሰ፣ ዱባ በመጣ ቁጥር «መርማሪዋ እንዴት ናት?» ይል ነበር።

ክፉ ቀን ብቻውን አይመጣም፤ ሰውየው ታመመ። «ኩላሊቱ አልቋል። መኪና ያለሽ አንቺ ነሽ፣ አድርሺን፤ እህቴ ባትሆኚ እንኳ ለመንገደኛ ታደርጊው የለም ወይ?» አላት ዱባ በስልክ። ሄደች። ትልቁ ሆስፒታል አደረሱት፤ ተስፋ የለውም፣ ቤቱ ይረፍ ተባለ። ሐኪሟ ወረቀቱን እየፈረመች፣ «ዓይናቸው ከመቼ ጀምሮ ነው ማየት የተሳነው?» ብላ ጠየቀች።

«ከእስር ከወጣ በኋላ ነው መሰለኝ» አለ ዱባ።

«አይመስለኝም። ይሄ ለዓመታት ቀስ እያለ የሚበላ በሽታ ነው። እናንተ ልጆች ሳላችሁ ጀምሮ ከፊታቸው ያለውን በደንብ አያዩም ነበር። በተለይ ፀሐይ ፊት ለፊት ስትሆን ምንም አያዩም።»

መርማሪዋ ግድግዳውን ተደገፈች። በግራ ነው በቀኝ? ቆማለች ወይስ እየተሻገረች ነው? ተራራ መንገድ አይሻገርማ! ያ ሁሉ ሳቅ፣ ያ ሁሉ ለውዝ... ለካ አባቷ በእሷ ዓይን ነበር የሚነዳው! ከልጅነቷ ጀምሮ ስትፈልገው የኖረችው መልስ እንዲህ መራራ ይሆናል ብሎ ማን ገመተ?

አባቷን ከጎኗ፣ ዱባን ከኋላ አስቀምጣ ነዳች። ከከተማው ሲወጡ «አባዬ» አለች። ይህን ቃል ከተወችው ስንት ዘመኗ! «እንቅልፍ አልነበረም፣ አይደል?»

ሰውየው ፊቱን ወደ ድምጿ አዞረ። ከዚያ «አወቅሽ? መርማሪ አይደለሽ!» ብሎ ፈገግ አለ።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ምን ብዬ? ዝምታሽ እናትሽን ገደላት ልበልሽ? ጥፋቱ የኔ ነው፣ ልጄ። መንጃ ፈቃዴን ቢነጥቁኝ ምን አበላቸዋለሁ ብዬ፣ ዓይኔ እንደከዳኝ እያወቅኩ መሪ ጨበጥኩ፤ ሥራ ላይ ረዳቴ ያይልኝ ነበር። አንቺማ ልጅ ነበርሽ፤ ልጅ ያኮርፋል። እውነቱን ብነግርሽ ራስሽን ትጠያለሽ። እንቅልፍ ነው ብልሽ እኔን ትጠያለሽ። እኔን ብትጠዪ ይሻላል አልኩ።»

መኪናዋን ዳር አቆመች። መሪው ላይ ተደፍታ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀች። ዱባም ከኋላ ያንን ትልቅ ሰውነቱን ይዞ ያለቅሳል። «ይቅር በለኝ፣ አባዬ! ይቅር በለኝ!» ስትል ደካማው እጁ ራሷን ፈልጎ አገኘው።

«አንቺም ይቅር በዪኝ። በይ አሁን ንጂ። እናትሽ ወዳለችበት ውሰጂኝ፤ ያን ቀን የጀመርነውን መንገድ አልጨረስነውም። ደግሞ ከፊት ምን አለ?»

ዱባ መንገድ ዳር ለውዝ ገዛ። መርማሪዋ እንባዋን እየጠረገች የምታየውን ሁሉ ጠራች፤ ብስክሌት፣ በግራ፤ ድልድይ፣ ጠባብ፤ ሁለት ሴቶች፣ እየተሻገሩ። አባት በእያንዳንዱ ራሱን ይነቀንቃል።

«ተራራ!» አለች።

«ተራራማ አይቆጠርም» አለ፣ ትንፋሹ እየተቆራረጠ።

«ዛሬ ዳኛዋ እኔ ነኝ። ይቆጠራል» አለችና አንዲት ለውዝ መዳፉ ላይ አኖረች።

«እስቲ... እንዴት ያለ ነው?»

«ግርጌው አረንጓዴ ነው። ከላይ ግን ሰማያዊ ይመስላል፤ ለምን እንደሚመስል ደግሞ አስተምራለሁ እኮ! ጫፉ ላይ ትንሽ ደመና ተቀምጣለች።» ደመናውንም ቆጠረችለት፣ ወፎቹንም ቆጠረችለት። መንገዱ ታጠፈ፤ ሐይቁ ብቅ አለ። «አባዬ፣ ሐይቁ! ደረስን!» ብላ ዞር ስትል፣ አባቷ ራሱን ወንበሩ ላይ ጥሎ ትንፋሹ ቆሟል። ለውዟን አጥብቆ እንደያዘ ነበር።

ዕጣ ፈንታ የሚሉት ነገር ካለ፣ ለዚህች ልጅ የጠየቀችውን ሁሉ መለሰላት፤ መልሱን ያመጣው ግን እጅግ ዘግይቶ ነው። እስከዛሬ የራሷን ልጆች ይዛ ያንን መንገድ ስትሄድ ያው ጨዋታ አለ። ያኮረፈ ልጅ ካለ መኪናው ይቆማል፤ ሳይታረቁ አይነሳም። ተራራም ይቆጠራል።