ከግቢው የወጣ ጉበት

«ላስቲኩ ውስጥ ምንድን ነው?»

የበሩ ዘበኛ ኤጀታ ነበር። ጠመንጃውን ከትከሻው አውርዷል።

ገላኔ ላስቲኩን ወደ ጎኗ አስጠጋች። ግቢው የሚያውቃት በረት ጠራጊ ሆና ነው፤ ለስለላ የላኳት የአዲስ አበባ አለቆች ግን «ሸማኔ» ይሏታል። ላስቲኩ ውስጥ የፍየል ጉበት አለ።

ክልሉ ገና መቋቋሙ ነው። የአሶሳ ቢሮዎች ታፔላ ቀለሙ ሳይደርቅ አንድ የውጭ ድርጅት «የፍየል እርባታ» ብሎ አጥር አጠረ። የሚያረባው ግን በሽታ ነበር። ፍየሎቹን ጨረር ያለበት ውሃ ያጠጣል፣ ያርዳል፣ ጉበታቸውን ይመረምራል። ጉበቱ ስኳር ማጠራቀም፣ ስብ መፍጨት ያቅተዋል። ሳር ፊታቸው ተቆልሎ በረሃብ ያልቃሉ። የተረፉትን ደግሞ ቅዳሜ ገበያ ሊያወጣቸው ነው። ይህ ጉበት ማስረጃ ሆኖ ካልደረሰ የአሶሳ ሰው በልቷቸው እንደ እነሱ ያልቃል።

«የኔ ምሳ ነው» አለ አብሯት የሚወጣው የግቢው አራጅ ሻዕባን። ጉበቱን የሰረቀላት እሱ ነው። «ከገበያ አመጣሁ። ሥራ በዛ፣ አልበላሁም። ወላሂ።»

«የገበያ ከሆነ ብላው። የግቢው ከሆነ አትደፍርም።»

ሻዕባን ጉዱን ያውቃል። ነግራዋለች።

ቢላውን አወጣ።

ግማሹን ቆርጦ በላ። ሳይቸኩል፣ እያላመጠ።

«እሷስ?»

«እሱ ክርስቲያን ነው» አለ ሻዕባን ወደ ገላኔ እየጠቆመ። አማርኛው ሴትና ወንድ አይለይም። «ዛሬ ጾም ነው።»

ኤጀታ በሩን ከፈተ።

ከአጥሩ ራቅ እንዳሉ «ትፋው! ጣትህን ጉሮሮህ ክተት!» አለችው። ሞከረ። አልወጣለትም።

«ሂድ አንተ» አላት። «ቅዳሜ ልጆች ሥጋ ይበላል።»

ባምባሲ ገበያ ዳር ተቀባይዋ ደባልቄ ቆሞ ጠበቃት።

«ማንጎው በስሏል?» ሲል የይለፍ ቃሉን ጠየቃት።

«ጥሬ ነው።»

ጉበቱን በረዶ ሳጥን ውስጥ ከተተው።

«ሽያጩ መቼ ይታገዳል?» አለችው።

«አይታገድም። አለቆች የፈለጉት የጨረሩን ውጤት ነው። ሰው ሲበላው የሚሆነውንም ማወቅ ይፈልጋሉ።»

የሸጧት የራሷ ሰዎች ናቸው። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል።

«ሻዕባን በልቶታል። ሐኪም ላኩለት።»

«ሻዕባን የሚባል ሰው አናውቅም።» ደባልቄ አዲስ መታወቂያ ሰጣት። «ስምሽ ትህትና ነው። ነቀምት ውረጂ። ከተመለስሽ ወይም ከተነፈስሽ ጉበቱን ማን እንደሰረቀ ለድርጅቱ እንነግራለን። ልጆች አሉት አይደል?»

አውቶቡስ ላይ ወጣች። እንባዋን መያዝ አቃታት፤ ዕድሜዋን ሙሉ እንደዚያ አልቅሳ አታውቅም።

አጠገቧ የተቀመጡት አሮጊት ክንዷን ያዙት።

«ልጄ፣ ሰው ሞቶብሽ ነው?»

«ገና ነው» አለች።