የዘጠኝ ሰው ማሳ

ቢሊሴ ሰባተኛውን ጥያቄ ሁለቴ አነበበችው። ሳይገባት ቀርቶ አይደለም፤ ጥያቄውማ ቀላል ነው። ያበገናት ቲቸር ሰይፈዲን ከዓለም ላይ ሌላ ምሳሌ የጠፋ ይመስል ይህንኑ መምረጡ ነው።

«ዘጠኝ ሰዎች አንድ የጤፍ ማሳ አጭደው ለመጨረስ ሁለት ቀን ይፈጅባቸዋል። ሦስት ሰዎች ብቻ ቢሆኑስ በስንት ቀን ይጨርሳሉ?»

ምስኪን ቲቸር ምን ያውቃል! የመጣው ከሌላ አካባቢ ነው፤ የሚኖረውም ጉደር ከተማ መሃል ቤት ተከራይቶ ነው። ፈተና ሲያወጣ ተማሪዎቹ የሚያውቁትን ነገር ማስገባት ይወዳል፤ ባጃጅ፣ ሽንኩርት፣ የውሃ ጀሪካን። አሁን ደግሞ ጤፍ። የቢሊሴ አባት ዘጠኝ ሰው ለሚፈልግ ማሳ ሦስት ሰው ብቻ እንዳገኘ ማን ይንገረው?

አጠገቧ የተቀመጠችው ሲንቄ በክርኗ ነካ አደረገቻት። ቢሊሴ ቀና አላለችም።

ሲንቄ የአጥር ጎረቤቷ ናት፤ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮም አንድ ዴስክ ላይ ነው የሚቀመጡት። ክፍል ውስጥ ሬሾና ፕሮፖርሽን ከተጀመረ ወዲህ ከትምህርት መልስ እነ ቢሊሴ ቤት እየመጣች አብረው ያጠኑ ነበር። የሲንቄ ስህተት ሁሌም አንድ ነው። ሰው ሲቀንስ ቀኑንም አብራ ትቀንሰዋለች። ቢሊሴ ሳትሰለች ቀስት እየሳለች ታሳያታለች፤ የሰዉ ቀስት ወደ ታች ከሆነ የቀኑ ቀስት ወደ ላይ ነው። ሲንቄ በቃ ገባኝ ትላለች፤ በማግስቱ ያው ናት።

አባቷ ለጤፉ አጨዳ የጠራው ደቦ ዋዜማም እንደዚሁ እያጠኑ ነበር። የቢሊሴ እናት ዘርፈሽ ንፍሮውን ቀቅላ፣ ቀሪቦውን በጥብጣ ጨርሳለች። አባቷ ኦቦ ዋቅጋሪ ጌታን ከተቀበለ ወዲህ እነሱ ቤት ፈርሶ የሚባለው የአገሩ ጠላ አይጠመቅም። ለደቦ የሚቀርበው ሕፃን ልጅ እንኳ የሚጠጣው ጣፋጭ ቀሪቦ ነው። ጎረቤቶቹ ፊት ለፊት ምንም አይሉም፤ ዘወር ሲሉ ግን ይስቃሉ። ቢሆንም ዘንድሮ ኦቦ ዋቅጋሪ የሁሉንም ማሳ ዞሮ አጭዷል። የሰው ፈርሶ ሲዞር እሱ ውሃውን እየጠጣ አንዱም ጋ አልቀረም። ስለዚህ ስድስቱም ጎረቤቶች እንደሚመጡለት አልተጠራጠረም።

ቢሊሴ ግን ሆዷ አላመነም።

«ነገ አባትሽ ይመጣል አይደል?» ብላ ሲንቄን ጠየቀቻት።

«እንዴ፣ ይመጣል እንጂ!» አለች ሲንቄ ንፍሮውን እየዘገነች።

በማግስቱ የሲንቄ አባት ኦቦ ሆርዶፋ አልመጣም። ሌሎቹም አልመጡም። ኦቦ ሆርዶፋ ለካ በዚያው ቀን የራሱን ደቦ ጠርቷል፤ ፈርሶውም ቀደም ብሎ ተጠምቆ ደርሷል። ለጠመቃው ውሃ ስትቀዳ የሰነበተችው ደግሞ ሌላ ማንም ሳትሆን ሲንቄ ናት። እዚያ ማዶ ሰዎቹ እየዘፈኑ ሲያጭዱ ድምፃቸው እስከ እነ ቢሊሴ ማሳ ይሰማ ነበር። እዚህ አባት፣ እናትና ልጅ ጎንበስ ብለው ያለ ዘፈን ያጭዳሉ።

ሁለት ቀን ሠሩ። በሦስተኛው ቀን በማይጠበቅበት በኅዳር ዝናብ መጣ። ያልታጨደው ጤፍ ጭቃው ላይ ተጋደመ። ኦቦ ዋቅጋሪ ማሳው ዳር ቆሞ ብዙ ካየ በኋላ «ጌታ ያውቃል» ብሎ ወደ ቤት ገባ። ቢሊሴ እዚያው ቀረች። ሲንቄም ታውቅ ነበር እያለች በልቧ ትብከነከን ነበር።

«ሰባተኛው» አለች ሲንቄ በሹክሹክታ።

ቢሊሴ ጥያቄውን እንደገና አየችው። በጥያቄው ውስጥ ዝናብ የለም፤ ፈርሶም የለም። የተባሉት ሰዎች በሙሉ መጥተው የተባለውን ቀን ሠርተው ይጨርሳሉ። እንዲህ ያለ አገር ቢኖርማ ጥሩ ነበር።

እስክሪብቶዋን አነሳችና ሁለቱንም ቀስቶች ወደ ታች ሳለቻቸው። ከሥራቸው «ሁለት ሦስተኛ ቀን» ብላ ጻፈች፤ ከዚያም ወረቀቱን ወደ ሲንቄ ገፋ አደረገችው። ዘጠኝ ሰው ሁለት ቀን የሚለፋበትን ማሳ ሦስት ሰው ጀንበር ሳትጠልቅ ሊጨርሰው! ሲንቄ ቅንድቧን እንኳ ሳታነሳ ገለበጠችው።

ቢሊሴን መጀመሪያ ደስ አላት። ይበላት፣ የእጇን ነው ያገኘችው አለች በልቧ። ወዲያው ግን ያ ንፍሮ እየተዘገነ የተባለው «ይመጣል እንጂ» ትዝ አላት፤ ያን ጊዜ ሲንቄም ልክ እንደዚህ ሳትጨነቅ ነበር የዋሸቻት። ራሷን ጠላች። የጻፈችውን ሰረዘችና «ስድስት ቀን» ብላ በትክክሉ ሠራችው፤ ወረቀቷንም በክንዷ ሸፈነችው።

«ሰርዢው፣ ስህተት ነው» አለች።

«ታዲያ ስንት ነው?»

«ቀስቶቹን አሳይቼሻለሁ።»

ቲቸር ሰይፈዲን ወረቀት ሊሰበስብ ወደ እነሱ ረድፍ ሲመጣ ሲንቄ የሰረዘችው ቦታ ላይ እንዳፈጠጠች ነበር።

ሲወጡ ሰማዩ በአምቦ በኩል እንደገና ጠቁሯል። ቢሊሴ ዩኒፎርሟን ሳትቀይር ማሳ ለመድረስ እየተጣደፈች ነበር። ሲንቄ ከኋላ ሮጣ ደረሰችባት።

«አባቴ እንዳትናገሪ ብሎኝ ነው። ደግሞ ቤታችሁ ቁጭ ብዬ ምን ልበልሽ?»

ቢሊሴ እርምጃዋን ጨመረች። ሲንቄ ቤታቸው ቁጭ ብላ ብዙ ልትል የምትችለው ነገር ነበር።

«አቦ፣ ቢሊሴ፣ ሙች ጨንቆኛል። ዛሬ መጥቼ ላግዛችሁ? ማጭድ ከቤት አመጣለሁ።»

ቢሊሴ ሳታስበው ጭንቅላቷ ማስላት ጀመረ። ከስድስቱ ቀን ሁለቱን ሠርተዋል፤ ለሦስት ሰው አራት ቀን የሚፈጀው ቀሪ ሥራ ለአራት ሰው ሦስት ቀን ነው። አንድ ቀን ይተርፋል። ጤፉ ጭቃ ላይ ተኝቶ እየረገፈ፣ እናቷ ወገቧን ይዛ እያቃሰተች፣ አንድ ቀን ቀላል ነገር አይደለም። የሲንቄ ዓይን ደግሞ እንባ አቅርሯል፤ የእውነት ነው የምትጠይቃት።

«አይ፣ ሦስታችን እንበቃለን» አለች።

መልሱ ስህተት እንደሆነ አሳምራ ታውቃለች። ቢሆንም ይህን አልሰረዘችውም። ደብተሯን ብብቷ ስር ሸጉጣ ወደ ማሳው ቁልቁል ወረደች።