ከሩቅ የገባው ሰው

ይህ ታሪክ ከላይ እስከ ታች እውነት ነው። ከዋሸሁ ሁለቱም ዓይኖቼ ይፍሰሱ። ዲላ ውስጥ የሚያውቁኝ ሰዎች ይህን መሐላ ሲያነቡ ከንፈራቸውን እንደሚያጣምሙ አልጠፋኝም። የቡሌን ጉም በከረጢት አፍሼ ጪጩ ገበያ ሸጥኩት ያልኩት፣ እሺ፣ ትንሽ ተጋኖ ነበር። ይሄኛው ግን ሌላ ነው። ስምንተኛ ክፍልን ሁለት ጊዜ ወድቆ የተወ ሰው እንዲህ ያለውን ነገር ከራሱ አውጥቶ ሊፈጥር አይችልም።

ገሪማ ሞቶ የተገኘው አርብ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ፣ በሰፊ ጥላ ቡና ላኪ ድርጅት የዲላ ቅርንጫፍ ጓሮ ውስጥ ነው። ያገኘችው ከምሳ የተመለሰችው ጸሐፊዋ ዘነቡ ነበረች። ሕንጻው አንድ ፎቅ ብቻ ነው፤ ጣራው ላይ የውኃ ታንከርና የኢንተርኔቱ ዲሽ አሉ። ሰውየው በጀርባው ወድቋል፤ ወገቡ ላይ ገመድ እንደታሰረ ነው። ጫማው ግን አቧራ እንኳ አልነካውም። እንዲያ ያለ ጫማ ዲላ ውስጥ አልነበረም፤ እግዜር ይይልኝ፣ በጫማው ስቀና ከርሜያለሁ።

ቅናቱ የእኔ ብቻ አልነበረም። ገሪማን ዋናው መሥሪያ ቤት ከአዲስ አበባ የላከው ለአንድ ጉዳይ ነው፤ ዲላ ወዳለው ሰርቨር፣ ማለትም ወደ ድርጅቱ ዋና ኮምፒውተር፣ ሠራተኛው ካለበት ሆኖ የሚገባበትን ሶፍትዌር እንዲመርጥ። የባንኮ ጎቲቲ የቡና ማጠቢያ ጣቢያም ሆነ አዲስ አበባ ያሉት አለቆች በአንድ ሰርቨር እንዲሠሩ ማለት ነው። ለውድድር የቀረቡት ሦስት ነበሩ። አንደኛው በነፃ ይገኛል፤ ነገር ግን አንድ ሰው ከገባ ሌላው ደጅ ይጠናል። ሁለተኛው ፈጣን ነው፤ መስመር ሲቋረጥ ግን የጻፉትን ሁሉ ይዞ ይጠፋል። በሦስተኛው ሁሉም በየስሙ ይገባል፤ መስመር ቢቋረጥም ሥራው ሰርቨሩ ላይ ይጠብቃል። ገሪማ ሦስተኛውን ይዞ ሲሟገት፣ የቅርንጫፉ የኮምፒውተር ባለሙያ ዚያድ ሁለተኛውን ይዞ ሞቼ እገኛለሁ ብሎ ነበር። ሁለቱ ቀድመው ተሞክረዋል፤ አርብ ሦስተኛው የሚሞከርበት ቀን ነው።

ገና ፖሊስ ሳይመጣ ዚያድ ተጠርጣሪ ሆነ። ምክንያቱም ጠዋት፣ ሰው ሁሉ እየሰማው፣ «አንተ ሰውዬ ከዚህ ቢሮ በእግርህ አትወጣም» ብሎታል።

ጉዳዩን የያዘችው ኢንስፔክተር አሰገደች ነበረች። ቁመቷ ከጠረጴዛ ብዙም አይበልጥም፤ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ትዞራለች። ሬሳውን ትታ ገመዱን አነሳች።

«ይህን ማን ነካው?»

«ማንም» አለች ሥራ አስኪያጇ ፀሐይወርቅ። «ከፍታ ይፈራል። ጣራ ሲወጣ አንዱን ጫፍ ወገቡ ላይ፣ ሌላውን ከታንከሩ እግር ላይ ያስራል። እንስቅበት ነበር።»

ኢንስፔክተሯ ነፃውን ጫፍ በጣቷ አሸት አሸት አደረገችው። «አልተበጠሰም። አልተቆረጠም። ሰው ሥራውን ጨርሶ ሲወርድ የሚፈታው የወገቡን ነው አይደል? ይሄ የተፈታው በታንከሩ በኩል ነው።»

ፀሐይወርቅ ግድግዳውን ተደገፈች። እውነቱን ለመናገር እሷም ብትሆን ዋናው መሥሪያ ቤት ከእሷ ይልቅ ለገሪማ መደወል በመጀመሩ ሁለት ሳምንት እንቅልፍ አጥታለች። የዚያን ቀን ግን ምሳ ሰዓቱን ሙሉ ማዘጋጃ ቤት ስብሰባ ላይ ነበረች፤ ሃያ ሰው ሲያዛጋ አይታለች፣ ሃያ ሰውም እሷ ስታዛጋ አይቷታል።

ኢንስፔክተሯ ዚያድን ፖሊስ ጣቢያ በካቴና ታስሮ አገኘችው።

«ምሳ ሰዓት የት ነበርክ?»

«ጁምዓ ሰግጄ አጎቴ ሱቅ ጓዳ ተኛሁ።»

«ማን አየህ?»

«ተኝቼ ነበር እኮ፣ ማን እንዳየኝ በምን አውቃለሁ?»

«ቀንተህበት ነበር?»

ዚያድ ካቴናውን ተመለከተ። «ልዋሽዎት አልችልም። ስድስት ዓመት ሙሉ ማተሚያው ወረቀት ሲነክስ እንኳ ‹ዚያድን ጥሩት› ነበር የሚባለው። እሱ ከመጣ ወዲህ ስሜን የሚጠራ ሰው ጠፋ። ቀንቻለሁ። ግን ጣራ ላይ መሆኑን አላወቅሁም። ምሳ ሰዓት ሁሌ ሆቴል ነው የሚሆነው።»

«እኔም እንደዚያ ነው የሰማሁት» አለች። «ሰኞ ፍርድ ቤት ትቀርባለህ። እስከዚያ ጊዜ አለኝ።»

ወደ ቢሮው ተመልሳ ከዘነቡ ፊት ተቀመጠች። የጣራው በር ቁልፍ ከዘነቡ ጀርባ ምስማር ላይ ተሰቅሏል።

«ይህ ቁልፍ ሁሌ እዚህ ነው?»

«ሁሌ። ዛሬም ከምሳ ስመለስ እዚሁ ነበር። የቢሮው ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ የማጠቢያ ጣቢያዎቹም ሰዎች። እኔ ምሳ ሰዓት ቤተ ክርስቲያን ከሴቶች ጋር ጸሎት ላይ ነበርኩ፤ ይጠይቁልኝ።»

«ጠይቄያለሁ። ምንድን ነው የምታዪው?»

ዘነቡ ዓይኗን ከጠረጴዛው ስልክ ላይ አነሳች። «ይቅርታ። አሥራ አንድ ሰዓት ሊሆን ነው። ሽብሩ፣ የባንኮ ጎቲቲ ጣቢያ ኃላፊው፣ በዚህ ሰዓት ደውሎ የቀኑን ሪፖርት ይነግረኝ ነበር። አሥራ ሁለት ዓመት። ሙከራው ከተጀመረ ወዲህ በኮምፒውተር ነው የሚያስገባው።»

«ሪፖርቱ ስንት ደቂቃ ይፈጃል?»

«ሪፖርቱ ሁለት ደቂቃ» አለችና ዓይኗን መልሳ ስልኩ ላይ ጣለች።

ኢንስፔክተሯ ቀሪውን አልጠየቀችም። የገሪማን ስልክ ከፈተች። የመጨረሻው ጥሪ ሰባት ሰዓት ከሃያ ላይ፣ ለሽብሩ የተደረገ ነበር። ወዲያው አዲስ አበባ ደውላ ሙከራውን የምትከታተለውን ቦንቱን አነጋገረች።

«ጋሽ ሽብሩማ ከስድስት ተኩል ጀምሮ ገብቶ ነበር» አለች ቦንቱ። «ስክሪኔ ላይ ‹ባንኮ ጎቲቲ› ይላል። እንጻጻፍ ነበር። ሰባት ከሃያ አምስት ግድም ጠፋ፤ ስምንት ሊሆን ሲል ተመልሶ መስመር ተቋርጦብኝ ነው አለኝ። ዘጠኝ ከአምስት ላይ የዕለቱን ሪፖርት አስገባ፤ እኛ ግን ሞቱን ሰምተን እየተላቀስን ስለነበር ማንም አላነበበውም።»

«ላኪልኝ። እኔ አነበዋለሁ።»

ቅዳሜ ማለዳ ባንኮ ጎቲቲ ወጣች። መንገዱ እንዲህ ያንገጫግጫል ልበላችሁ፣ ሾፌሩ ይርጋጨፌን ሲያልፍ የገዛ ስሙን ረስቶ ነበር። ሽብሩ በር ድረስ ወጥቶ ባርኔጣውን አውልቆ ተቀበላት፤ አርባ አምስት ዓመት የሚሆነው፣ ረጋ ያለ ሰው ነው።

«አዎ፣ ደውሎልኝ ነበር» አለ ሳይጠየቅ። «‹ጣራ ላይ ነኝ፣ ዲሹን ላዞረው ነው፣ መስመሩ ሲሻሻል ንገረኝ› አለኝ። ከዚያ መስመሩ ጠፋ። ነፍሱን ይማር፣ ልጅ ነበር።»

«እርስዎ እዚሁ ነበሩ?»

«የት እሄዳለሁ ኢንስፔክተር? የመኸር ወቅት እኮ ነው።»

እሱ ሻይ ሊያዝላት ሲገባ እሷ ወደ ቡና ማድረቂያ አልጋዎቹ ወረደች። ለቃሚ ሴቶቹን የምትመራው ሀሌሉያ ቡናውን በእጇ እያገላበጠች ነበር።

«ትናንት ጋሽ ሽብሩ የት ነበር፣ የኔ እህት?»

«ዳገት ላይ ነዋ። እዚህ ለስልክ እንጂ ለኢንተርኔት የሚሆን ኔትወርክ የለም፤ ያን ላፕቶፕ ከሰጡት ወዲህ በየቀኑ ዳገት ነው የሚውለው። አራት ሰዓት ወጣ፣ ሊመሽ ሲል ወረደ።»

«አብሮት የወጣ ሰው አለ?»

«ኔትወርክ ሊፈልግ እኮ ነው የወጣው፤ አጃቢ ምን ያደርጋል?» ብላ ሳቀች።

በየአልጋው ራስ ላይ በላስቲክ የተጠቀለለ ካርድ ተንጠልጥሏል። ቡናው ፀሐይ ሲበረታ በሸራ ይሸፈናል፣ ሲበርድ ይገለጣል፤ ሰዓቱ ካርዱ ላይ ይጻፋል። ኢንስፔክተሯ መነጽሯን አድርጋ የአርቡን መስመር አነበበች። የሀሌሉያ ጽሕፈት ነው፤ «አምስት ሰዓት ተሸፈነ። ከስድስት ሰዓት ጀምሮ ዝናብ። አልተገለጠም።»

ካርዱን ፈትታ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ሻይዋን ጠጥታ፣ አመስግና ወረደች።

ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ፣ ዚያድ ፍርድ ቤት ከመቅረቡ በፊት፣ ሁሉንም ዲላው ቢሮ ሰበሰበቻቸው። ዚያድ በካቴና፣ ፀሐይወርቅ በጥቁር ነጠላ፣ ዘነቡ በጠረጴዛዋ፣ ሽብሩ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ። ቦንቱ በስልክ ድምፅ ማጉያ ከአዲስ አበባ ትሰማለች።

«ገሪማ በራሱ አልወደቀም» ብላ ጀመረች ኢንስፔክተሯ። «ገመዱ በታንከሩ በኩል ተፈትቷል። ስለዚህ ሌላ ሰው ጣራ ላይ ነበር፤ ገሪማ አይቶት ያልደነገጠ፣ ሲወርድም ቁልፉን ወደ ምስማሩ መመለስ ያወቀ ሰው።»

«ይሄ እኮ ሁላችንም ነን» አለች ፀሐይወርቅ።

«አዎ። ስለዚህ ሌላ ጥያቄ ጠየቅሁ። ገሪማ በምሳ ሰዓት ጣራ ላይ መሆኑን ማን ያውቅ ነበር? ሁላችሁም ሆቴል ነው ብላችኋል። እሱ የነገረው አንድ ሰው ብቻ ነው።»

ሁሉም ወደ ሽብሩ ዞሩ። ሽብሩ ባርኔጣውን ትንሽ አሽከረከረ።

«እኔ ባንኮ ነበርኩ። ቦንቱ ትመስክር።»

«ስክሪኑ ባንኮ ጎቲቲ ይል ነበር» አለ የቦንቱ ድምፅ።

«ዚያድ» አለች ኢንስፔክተሯ። «ያ ስም የሚመጣው ከየት ነው?»

ዚያድ በካቴናም ሆኖ ፊቱ በራ፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ ስለ ኮምፒውተር ሲጠየቅ የመጀመሪያው ነው። «ስሙ የላፕቶፑ ነው እንጂ የቦታው አይደለም። ገሪማ ራሱ ነው የሰየመው። ሞያሌ ቢወስዱትም ባንኮ ጎቲቲ ነው የሚለው። ሶፍትዌሩ የተሠራው እኮ ከየትም እንዲገባበት ነው። እንዲያውም የእኔ ምርጫ ቢሆን ኖሮ…»

«ይበቃል ዚያድ። እናንተ አዲስ አበባ ያላችሁት ባንኮ ነው ብላችሁ አመናችሁ። ባንኮ ያሉት ዳገት ላይ ኔትወርክ እየፈለገ ነው ብለው አመኑ። በሁለቱ መሃል ማንም የማያየው ሙሉ ቀን ተገኘ።»

«ይሄ ግምት ነው» አለ ሽብሩ ቀስ ብሎ።

«እሺ፣ እናንብበዋ።» ወረቀት አወጣች። «አርብ ዘጠኝ ከአምስት ላይ ያስገቡት ሪፖርት፤ ‹አልጋዎቹ አምስት ሰዓት ተሸፍነዋል፣ ዘጠኝ ሰዓት ተገልጠዋል።› አሥራ ሁለት ዓመት ሲሉት የኖሩት ነው፤ እጅዎ በልማድ ጻፈው። ዲላ ፀሐይ ነበር፤ ጪጩም ፀሐይ ነበር።» ካርዱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «ባንኮ ግን ከስድስት ሰዓት ጀምሮ ዝናብ ነው። ጋሽ ሽብሩ፣ በዝናብ ላይ የደረቀ ቡና የሚገልጥ የጣቢያ ኃላፊ አለ?»

ሽብሩ ካርዱን አንስቶ አነበበው።

«የለም» አለ ሽብሩ።

ባርኔጣውን መሬት ላይ አስቀመጠ። «ልገድለው አልነበረም የመጣሁት። እሱና ዘነቡ ምሳ አብረው ይበሉ እንደሆነ ለማየት ነው። ላፕቶፑን ከፍቼ፣ እዚያ ማዶ ጥላ ስር ቁጭ ብዬ፣ በሩን ሳይ ነበር። እሷ ወጣች፤ እሱ አልወጣም። ደወለልኝ። ‹ባንኮ እንዴት ነው ዛሬ?› አለኝ። እኔ ከፊቱ ነኝ። ወጣሁ። ሲያየኝ ሳቀ፤ ‹እንኳን መጣህ፣ ከእንግዲህ ዘነቡን በስልክ አታስቸግራትም› አለኝ። አሥራ ሁለት ዓመት ቀኔ የሚጀምረው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው። እሱ በሁለት ሳምንት…» እጁን ተመለከተ። «ወደ ዲሹ ሲዞር ገመዱን ፈትቼ ገፋሁት። ሪፖርቱን ጪጩ ሻይ ቤት ቁጭ ብዬ ነው ያስገባሁት።»

«ቅናትን አውቀዋለሁ» አለች ኢንስፔክተሯ። «እኔም ቤት አለ፤ ባሌ ስልኬን ሲፈትሽ ያድራል። ገመድ ግን አይፈታም።» የዚያድን ካቴና አስፈታችና ለሽብሩ አስደረገችው።

ያኔ ዘነቡ ተነሳች።

«ሦስተኛው እንዲመረጥ የለመንኩት እኔ ነኝ» አለች። ድምፅዋ ሪፖርት የምታነብ ይመስላል። «ሌሎቹ ድምፅ የላቸውም። ይሄኛው ሰው ገብቶ እየሠራ ያነጋግራል፤ እስከፈለገ ሰዓት። ስልኩ ሁሌ ከሪፖርቱ በኋላ ጨዋታ ስንጀምር ነበር የሚቋረጥብን። ለገሪማ ስስቅለት የነበረው ልመናዬን እንዳይረሳብኝ ነው። ‹ከእንግዲህ በስልክ አታስቸግራትም› ያለህ ይህንኑ ሊነግርህ ነበር።»

ሽብሩ በሩ ላይ ቆመ። ፖሊሱ ክንዱን ይዞ ጠበቀው። ሽብሩ ወደ ኋላ ዞሮ ዘነቡን አያትና ጭንቅላቱን ነቀነቀ፤ ሪፖርቱ ተሰምቷል የሚል ይመስል ነበር። ከዚያ ወረደ። ዚያድ በነፃ እጁ ምን እንደሚያደርግ ጠፍቶት ለዘነቡ ወንበሯን ሳበላት።

ምያለሁና ዓይኖቼ ደግሞ ያስፈልጉኛል። ስለዚህ አንዲት ነገር ከራሴ እንደጨመርኩ ልናገር። ዘነቡ ያን ስትናገር ሽብሩ በሩ ላይ አልነበረም። ደረጃውን ወርዶ የፖሊሱ መኪና ተነስቷል፤ እሷ የተናገረችው ለባዶ በር ነው፣ እሱም እስከዛሬ አልሰማም። በሩ ላይ ያቆምኩት እኔ ነኝ። ለምን ብትሉኝ ቅናት ነው። እኔን በሕይወቴ አንዲት ሴት ስልክ አጠገብ ቁጭ ብላ ጠብቃኝ አታውቅም፤ የተጠበቀ ሰው ቢያንስ መጠበቁን ሳያውቅ መሄድ የለበትም ብዬ ነው።