ወንዝ የተኛባቸው ደጆች

ጫኔ አሻጋሪው ወንዙን የሚያውቀው በእግሩ ነው። ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ ሰው ሲያሻግር የኖረው ከደፈረሰው ውሃ በታች በእግሩ ጣቶች ድንጋይ እየዳበሰ ሲሆን፣ ድንጋዮቹም የአሮጌዋ ዋርካ መልካ ከተማ የቤት ደፎች ናቸው። ወንዙ በአንድ የነሐሴ ቀትር፣ ሰው ምሳ ላይ ሳለ፣ መሄጃውን ለቆ በከተማዋ ዋና መንገድ ላይ ወረደ፤ አሥራ ሰባት ቤት ከነሰዉ ወሰደ፤ ወደ ቀድሞ ቦታውም አልተመለሰም። የተረፈው ሰው ዳገቱ ላይ ወጥቶ ሌላ ከተማ ቆረቆረ። ጤና ጣቢያው ግን ማዶ ተሠራ፤ ለምን እንደሆነ የሠሩት ይወቁት።

በዋርካ መልካ በሰው ደጅ ዝም ብሎ ማለፍ ነውር ነው። ስለዚህ ጫኔ በየደፉ ሲደርስ፣ ድሮ በደረቁ ሲያልፍ እንደለመደው፣ «ደህና ዋላችሁ» ይላል። መልስ ሰምቶ አያውቅም፤ ቢመለስለት ምን እንደሚል አስቦም አያውቅም።

ወንዙ ከተማዋን በወሰደበት ሰዓት፣ በቀትር፣ አያሻግርም። አንድ ቀን ግን በቀትር ልጁ ትርንጎ፣ ከጎርፉ ወዲህ የተወለደችው፣ የስምንት ወር ሕፃኗን በአንቀልባ አዝላ መጣች። ሕፃኑ ከትናንት ጀምሮ ጡት አልያዘም፤ ትኩሳቱ በልብሷ አልፎ ጀርባዋን ያቃጥላታል።

«አባዬ፣ ፀሐይ እስክትበርድ ከጠበቅን አይተርፍልኝም» አለችው።

ጫኔ ፈራ። የልጅ ልጁን ማጣት ግን ይበልጥ አስፈራው። የዱላውን አንድ ጫፍ ይዞ ሌላውን አስያዛት፤ ለሚያሻግረው ሁሉ እንደሚያደርገው፣ ውሃው እንዳያዞራት ዓይኗን እንድትጨፍን ነገራትና ገቡ።

የወፍጮ ቤቱ ደፍ ላይ እግሩ አልተንሸራተተም። ሁልጊዜ የሚያዳልጥ አረንጓዴ ልጋግ የሚለብሰው ድንጋይ ዛሬ ንጹሕ ነበር፣ አሁን ተጠርጎ እንዳለቀ ደጅ። «ደህና ዋላችሁ» አለ። የልብስ ሰፊው ደፍ ጋ ሲደርሱ ውሃው ለብ አለ፤ የሚቁላላ ሽንኩርት ሽታም መጣ። ጫኔ ግራና ቀኙን ቢያይ በሁለቱም ዳር ጭስ የሚወጣበት ቤት የለም። ሽታው የሚነሳው ከጉልበቱ ሥር ነው፤ በተራመደ ቁጥር እየወፈረ ጉሮሮው ውስጥ ገባ። ቀጥሎ ድምፅ ሰማ፤ በርጩማ ሲጎተት፣ ሳህን ሲቀመጥ፣ አንድ ሰው ሲያስል፣ ሁሉም ከውሃ በታች ሆኖ ጥርት ያለ። ጫኔ የሚያውቀውን ጸሎት ሁሉ ረሳው።

ሦስተኛው ደፍ የወይዘሮ ጥሩሰው ነው። ጥሩሰው አላፊ አግዳሚውን ካላጎረሰች የበላች የማይመስላት ሴት ነበረች። ጫኔ በዚህኛው ደጅ ሰላምታውን ዋጠው፤ በሕይወቱ የመጀመሪያው ነውር።

«እንብላ» አለ የሴት ድምፅ ከእግሩ ሥር።

ከንፈሩን ነከሰ። ትርንጎ ግን ዓይኗን ጨፍናለች፤ ዳር የደረሱ መስሏታል። እሱ ራሱ በደንብ ያሳደጋት፣ እንብላ ሲሏት ዝም የማትል ልጅ ናት።

«ብሉ፣ እኛስ ጠግበናል» አለች ድክም ባለ ድምፅ። «ይሄ ልጅ ነው እንጂ እህል ውሃ እምቢ ያለን።»

«አይ የኔ ልጅ» አለ ድምፁ። «እስቲ እኔ ልሞክረው።»

ጫኔ ዱላውን ጎተተ። ዱላው ለአፍታ ከበደ፣ ከዚያ ቀለለ። ዞሮ አላየም፤ መሃል ውሃ ላይ ዞሮ ያየ አሻጋሪ ራሱም ይወድቃል፣ የያዘውንም ይጥላል። የቀሩትን ደፎች ያለ ሰላምታ እየረገጠ ሮጠባቸው።

ማዶ ሲወጡ አሸዋው ላይ ተዘረጋ። ትርንጎ ዓይኗን ገልጣ እጇን ወደ ኋላ ሰደደችና የሕፃኑን እግር ዳበሰች።

«አባዬ፣ ትኩሳቱ ለቀቀው» አለች፣ እንባዋ እየወረደ። «ቀዝቅዞልኛል።»

ጫኔ ከልቡ «ተመስገን» አለ።

«ልጅሽ በልቶ ተኝቷል፤ ስትመለሱ ትወስዱታላችሁ» አለ የሴትየዋ ድምፅ ከወንዙ መሃል፣ የተኛ እንዳይነቃ ዝግ ብሎ፤ በትርንጎ ጀርባ ግን፣ አንቀልባው ውስጥ ያለው ነገር እግሩን ያወራጭ ነበር።